ጠበብ ያለው ሸሚዝ

ልጄ፣ የኔ ጌታ፣ ፈጣሪ በባዕድ ሰው ፊት ሞገስ ይስጥህ፣ ክፉ አይንካህ። እኛ ደህና ነን። የጣሪያው ፍሳሽ ተጠገነ። ጎረቤታችን ነርሷም በሰላም ተገላገለች።

እኔ የምለው፣ ስትደውል ለምንድን ነው ያቺኑ ግድግዳ ብቻ የምታሳየን? ቤት ውስጥ ካፖርት ምን ይሠራል? መስመሩስ «በልተሃል ወይ?» ስልህ ብቻ የሚቋረጠው ምን ሆኖ ነው? እኔ ይህን ሳወጣ ሳወርድ እንቅልፍ በዓይኔ አይዞርም። አባትህ ግን «አምሮበታል እኮ!» ይልና ጋደም ከማለቱ ያንኮራፋል። እንደ እሱ ምንም ባላስተውል ምን አለበት እያልኩ ስቀናበት ከረምኩ። እኔ እንደሆንኩ ያላወቅኩትን ነገር ራሴ እሞላዋለሁ፤ የምሞላው ደግሞ ክፉ ክፉውን ነው።

ትናንት ወደ ስፌት ክፍሉ ብቅ ስል አባትህ ለአንተ ሸሚዝ ሊሰፋ ጨርቅ ያሰምራል። ልክህን በቃሉ ነው የሚያውቀው። ትከሻው ላይ ግን ሁለት ጣት አጠበበው።

«ተሳሳትክ እኮ» አልኩት።

«አልተሳሳትኩም» አለና መቀሱን አነሳ። ቀና ብሎም አላየኝ።

ለካ እሱም ከሲታነትህን አይቶ ኖሯል! አሁንማ ማንኮራፋቱንም ጠርጥሬዋለሁ።

እንግዲህ ልጄ፣ የምትደብቀው ሰው የለህም። ስትደውል ካፖርቱን አውልቅና ብርሃን ላይ ቁምልን፤ የሆነውን ሁሉ ለሁለታችንም ንገረን። ፈጣሪ ከፊትህ ይቅደም። ሸሚዙን ልከንልሃል። አባትህ በስፌቱ ውስጥ ትርፍ ጨርቅ ትቶልሃል፤ ስትወፍር ይለቀቃል።

እናትህ