አስወጡኝ እንጂ!

ጥቅምት 4
ጉልበቴ ዛሬም ያጉረመርማል። ያጉረምርም... ሻይዬን ሳልጨርስ ቃጭሉ ስልክ መታልኝ። ቃጭሉ የምለው የሥነ ልቦና ትምህርት ክፍል ኃላፊውን ነው፤ ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ ስለሚጮህ። ድሮ ተማሪዬ ነበር፤ ያኔም አያስጨርስም።
"ጋሼ፣ ያንን ኮርስዎን ዘጋነው።"
የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የመጀመሪያ ዓመት ልጆችን ማስተማር የሚለማመዱበትን! ጡረታ እስክወጣ የደከምኩበትን!
"ስላይድ አለ እኮ፤ እሱን ያነባሉ።"
"ታዲያ ስላይዱን ቅጠረዋ!"
ዘጋሁበት። ከእንግዲህ ሳሎኔ ክፍል ነው። ማን ይከለክለኛል?

ጥቅምት 6
የድኅረ ምረቃ ተማሪዎቹ አራት ሆነው ቤቴ መጡ። አንዷ ፌንጣ የምላት የልጄ ልጅ ናት። ተራ በተራ ያስተምራሉ፤ እኔ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ፣ ያውም ሰነፉ። ኮፍያዬን ደፋሁ፣ እግሬን ጠረጴዛ ላይ ሰቀልኩ። ባለጢሙ ስለ ትኩረት ሲያስረዳ፣ "ይሄ ፈተና ላይ ይመጣል?" አልኩት። ደጋግሜ። ላቡ ጠብ አለ።
"ጋሼ... ይቅርታ ያድርጉልኝና..."
"የምን ይቅርታ! አስወጡኝ እንጂ!"
ማን ደፍሮ።

ጥቅምት 9
ሆን ብዬ አንኮራፋሁ። ይቀሰቅሱኛል ስል ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉልኝ! አንዷማ ብርድ ልብስ አለበሰችኝ። እንዲህ ሆነው ያን ሁሉ ወጠጤ ሊይዙ? (መጨረሻ ላይ የምሬን ተኛሁ... ይሄን ማንም አይስማ።)

ጥቅምት 13
የፌንጣ የሙከራ ትምህርት ሐሙስ ነው። ካለፈች የራሷ ክፍል ይሰጣታል፤ ከወደቀች ዘንድሮም የሰው ፈተና ማረም ብቻ። አምና ቃጭሉ መሃል ላይ አቋረጣት፣ ማርከሩን ከእጇ ወስዶ ራሱ አስተምሮ ጨረሰ። እሷ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች። ያን ቀን እራቷን አልቀመሰችም...
"ታላቅ ሰው እንዴት ዝም በል ይባላል፣ አባባ? ነውር አይደል?" አለችኝ ዛሬ።
"ቤት ውስጥ አባባ ነኝ። ክፍል ውስጥ ረባሽ ነኝ። ረባሽ ደግሞ ሽበት የለውም።"
ደብተሯን አገላበጠች። አልገባትም? ወይስ ገብቷት ፈራች?

ጥቅምት 17
"ባይመጡ ይሻላል" ብሎኝ ነበር ቃጭሉ። ስለዚህ ሄድኩ። የኋላ ወንበር፣ ኮፍያዬን እንደደፋሁ።
ርዕሷ መርሳት ነበር። ጥሩ አድርጋ ጀመረች። ብዙም ሳትሄድ ቃጭሉ "አንዴ፣ አንዴ..." ብሎ ተነሳ፤ እጁን ወደ ማርከሩ ዘረጋ። ፌንጣ ወደ ግድግዳው አፈገፈገች። አምና መጣ! ከኋላ ጮህኩ፦
"መምህርት! ይሄ ፈተና ላይ ይመጣል?"
ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ዞራ አየችኝ፤ ትክ ብላ።
"ከኋላ ያሉት አባት፣ እየረበሹ ነው። ይውጡልኝ።"
"እኔ?"
"እርስዎ።"
ከዘራዬን አንስቼ ወጣሁ። በሩ ሳይዘጋ ሰማኋት፦ "እርስዎም ይቀመጡ። ጥያቄ መጨረሻ ላይ ነው።"
አያቷን ያባረረች ማንን ትፈራለች? ወንበር ሲጢጥ አለ። ቃጭሉ ተቀመጠ!

ጥቅምት 22
ክፍሉ የፌንጣ ሆነ። ትናንት ጀመረች።
"አባባ፣ ተቀየሙኝ?"
"በጣም! ምነው ቀደም ብለሽ ብታባርሪኝ?"
ስለ ኮርሱ ቃጭሉ ትንፍሽ አላለም። ይተወው፤ ሳሎኑ አለ። ዛሬ ደግሞ ባለጢሙ ቀና ብሎ፣ "ኮፍያዎን ያውልቁ" አለኝ። አላወልቅም አልኩ።
"እንግዲያውስ በሩ ያውልዎ።"
የገዛ ሳሎኔ እኮ ነው!
ይህን የምጽፈው ደጃፍ ላይ፣ ብርድ እየመታኝ ነው። ገብቼ ይቅርታ ልጠይቅ?... ኧረ ወዲያ! በመስኮት ልረብሻቸው እንጂ።