በኢዮጴ የቀረችው

መስከረም 9
ኢዮጴ። ከመርከብ ከወረድን ሦስተኛ ቀናችን። ሙቀቱ አይጣል ነው! እማሆይ ኤርሜንታን ትኩሳት ይዟቸዋል። የማረፊያው ባለቤት ሹሻን የገብስ ሾርባ አመጣችላቸው። "ከገዳማችን ሾርባ ይሻላል፤ አገር ስንገባ እንዳትነግሪብኝ" አሉኝ። ታመውም ቀልድ አይተዋቸውም።

መስከረም 11
ለመስቀል በዓል የሚደርሱት ተሳላሚዎች ነገ ወደ ኢየሩሳሌም ይወጣሉ። ትኩሳቱ ግን አልበረደም።
"ባውዳ፣ አንቺ ሂጂ።"
"እርስዎን ጥዬ?"
"ሂጂ አልኩሽ! በዓሉን አይተሽ ነይ። ያየሽውን ሁሉ ጻፊልኝ። ሲሻለኝ አብረን እንወጣለን።"
አርባ ዓመት የተመኙት እሳቸው ናቸው። እኔ ከባሕር ማዶ፣ ከጎል አገር ድረስ የመጣሁት ደግፌ ላደርሳቸው ነበር። ግን... ልቤ ቀድሞ ተነስቷል። በዐሥር ቀን እመለሳለሁ አልኳቸው።

መስከረም 17
መስቀሉን ተሳለምኩ! አልቅሼ አልቅሼ... ለእሳቸው ልጸልይ ያልኩትን ረሳሁት።

መስከረም 19
ነገ መመለሻዬ ነበር። ወደ ዮርዳኖስ የሚወርዱ ሰዎች አገኘሁ። ጥቂት ቀን ቢጨመር ምን አለበት? ለእሳቸው የምጽፈውም ይበዛል።

ጥቅምት 2
ናዝሬት። ብራናው ሊያልቅ ነው። ለእሳቸው ነው የምዞረው እያልኩ... ማንን ነው የማታልለው?

ጥቅምት 14
ኢዮጴ ገባሁ። አልጋቸው ላይ ሌላ ሰው ተኝቷል።
ሹሻን እጄን ያዘችኝ። "አረፉ። ዛሬ ስድስተኛ ቀናቸው።"
"ያው ትኩሳቱ?"
"የፊተኛውማ በሄድሽ በአራተኛው ቀን ለቀቃቸው። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ተሳላሚ ወጣ። አህያ ሳይቀር ጭኜላቸው ነበር እኮ! እምቢ አሉ። 'ልጅቷ መጥታ ብታጣኝ ትደነግጣለች' ብለው። በር ላይ ተቀምጠው ሲጠብቁሽ ከረሙ። ኋላ ትኩሳቱ ተመለሰባቸው።"
"ተቆጥተውብኝ ነበር?"
"ምን ቁጣ! 'ገና አይታ አልጠገበችም' ይሉ ነበር።"
ምነው በረገሙኝ።

ጥቅምት 15
የጻፍኩትን መቃብራቸው ላይ ላነብ ሄድኩ። ብራናውን ሳልፈታ ተመለስኩ።

ኅዳር 3
ባሕሩ በብርዱ ወራት ማዕበል ሳይዘጋ የመጨረሻው መርከብ ወደ አገራችን ሄደ። አልተሳፈርኩም። የገዳማችንን እመምኔት በምን ዓይኔ አያለሁ?

ሚያዝያ 6
ከሹሻን ጋር የታመሙ ተሳላሚዎች ማስታመም ከጀመርኩ ወራት አለፉ። ከቀርጤስ የመጡት እማማ ኤውዶክስያ ተሻላቸው። አብረዋቸው የመጡት ጥለዋቸው ወጥተዋል። ዛሬ ማለዳ በአህያ ይዣቸው ወደ ኢየሩሳሌም ተነሳሁ። እስካሁን አራቴ አረፍን።
"ከዚህ በፊት ወጥተሻል?" አሉኝ ቅድም።
"አንዴ። ብቻዬን።"
"ውይ! ብቻን ሆኖማ ምኑ ይታያል?"
አህያውን አቁሜ ውኃ ሰጠኋቸው።
አሁን ወይራ ጥላ ስር አሸልበዋል። ከእኛ ጋር የተነሱት ሁሉ ቀድመውን አለፉ። ይለፉ።