የመጨረሻው የአንድ ሰዓት ዜና

ልጄ ነኬሳ፣ በሰው አገር ፈጣሪ ከክፉ ይሰውርሽ፤ ብርዱንም ያቅልልልሽ። አባትሽ በቆሎውን ዘርቶ ከአገር ቤት፣ ከቡንጎማ ተመልሷል።

ከሌላ ሳትሰሚ ልንገርሽ፤ ሃያ ሁለት ዓመት ዜና ካነበብኩበት የቴሌቪዥን ጣቢያ ትናንት ወጣሁ። አለቃችን፣ «እማማ፣ አዲስ ፊት ፈልገናል። ዜናውን ያንብቡና ዝም ብለው ይውጡ» አለኝ።

«ጎረቤት እንኳ ቤት ሲለቅ ደህና ሁኑ ይላል» አልኩትና፣ ዜናው ሲያልቅ ተመልካቹን ተሰናበትኩ።

የምትተካኝ ቼሮቲች፣ እኔው ያሠለጠንኳት ልጅ፣ በር ላይ እያለቀሰች ይቅርታ ጠየቀችኝ። «እንባሽን ጥረጊ፤ የከተሞቹን ስም ብቻ እንዳትውጪ» አልኳት።

እኔም ሰኞ ቡንጎማ፣ አንዲት ትንሽ ሬዲዮ ጣቢያ ሥራ እጀምራለሁ።

ደግ ደጉን ያሰማሽ። አደራ፣ ተናደሽ በፌስቡክ ልጅቷን እንዳትሰድቢብኝ። ዛሬ ማታ የመጀመሪያ ቀኗ ነው፤ እኔ አያታለሁ፣ አንቺም በኢንተርኔት እያት።

እናትሽ