ቅጂ የሌለው ድምፅ

ውድ ባለቤቴ፣

ማክሰኞ ስትደውይ ስልኩን ያላነሳሁት ተቆጥቼ አይደለም። ሁለቱም እጆቼ ተይዘው ነበር። የያዝኩት ደግሞ የአንቺኑ ድምፅ ነበር።

ከዚያ በፊት ስትደውይ ግን ዘግቼብሻለሁ፤ አልክድም። ስልኩን ሳነሳ አንዲት የማላውቃት ወጣት፣ ባንክ ውስጥ ወረፋ የምትጠራዋን ሴት የመሰለች፣ "ጤና ይስጥልኝ። እኔ ነኝ። እንዴት ነህ?" አለችኝ።

"ማነሽ አንቺ?" አልኳት።

ቆይታ፣ "ሚስትህ" አለች።

ሚስቴን አውቃታለሁ። ዘጋሁት። ልጃችን በሰጠሽ ታብሌት ውስጥ ሆና የጻፍሽውን የምታነበው ልጅ ጨዋ ትመስላለች፤ ግን ዛሬም አላውቃትም።

ልጃችን ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ እንዲህ ብሎ ጻፈልኝ፦ "አባዬ፣ እማዬ የመጨረሻዬ ነው ብላ ነበር የደወለችው። ከእንግዲህ አትደውልም። እኔም መሀል መግባት ሰልችቶኛል።" እንግዲህ በስልክ ያልሆነውን በእጄ እጽፈዋለሁ። እስከ መጨረሻው አንብቢው። እንደ ተማሪ ደብተር ስህተት እየለቀምሽ በቀይ እስክሪብቶ አትሂጂበት።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። የምታውቂው ነው፤ ግን እኔ እንዴት እንደማስታውሰው አታውቂም።

ሐኪሙ የጉሮሮሽ ዕጢ ከነድምፅ ሳጥንሽ እንደሚወጣ በነገረን ሰሞን፣ አንድ መሥሪያ ቤት ያረጁ ዕቃዎቹን ሲሸጥ ያን ተንቀሳቃሽ ኮምፒውተር ገዝቼ መጣሁ። ያኔም አሮጌ ነበር። መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርደን፣ ሆስፒታል በምትገቢበት ዋዜማ፣ ከሀ ጀምረሽ ፊደሉን ሁሉ አንድ በአንድ አነበብሽልኝ። የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ነሽ፤ ማንም አላስጠናሽም።

"ሰውዬ፣ ባዶ ክፍል ውስጥ ፊደል ማስቆጠር እብደት አይደለም?" ብለሽ ሳቅሽ።

አልሳቅሁም። ፊደሎቹን አገጣጥሞ የሚያናግርሽን ፕሮግራም ገና አልጻፍኩትም ነበር። መጻፍ እንደምችልም አላውቅም ነበር።

ከሆስፒታል ከወጣሽ በኋላ፣ ማሽኑ መናገር እስኪችል ድረስ ስትፈልጊኝ ሁለት ጊዜ ታጨበጭቢ ነበር። ክፍልሽ ውስጥ ልጆቹን ዝም የምታሰኚበት ጭብጨባ ነው። ጓሮም ልሁን፣ ጣሪያ ላይ ቆርቆሮ እየመታሁም ልሁን፣ እሰማሻለሁ፤ እመጣለሁ። ግን አልወደድኩትም። ሚስቴ አስተናጋጅ እንደሚጠራ ሰው ስታጨበጭብ አትኖርም ብዬ፣ ከተዋስኩት መጽሐፍ ጋር ስታገል ከረምኩ። አንድ ቀን ጠዋት ቁልፎቹን ነካካሽና ማሽኑ በገዛ ድምፅሽ፣ "ሻ... ይ... አ... ፍ... ላ" አለኝ።

አፈላሁ።

"ምላሴ" አልሽው። ከዚያ ወዲያ "ምላሴን አቀብለኝ፣ ምላሴ የት አለ" ሆነ። ሱቅ ይዘሽው ስትሄጂ ባለሱቁ ማሽኑ ያለውን ፊደል ሁሉ ከኋላ እየተከተለ ይደግም ነበር። እሱንም ያስተማርሽው አንቺ ነሻ! "ስ... ኳ... ር" ሲል ገበያተኛው በሳቅ ይሞታል።

እኔም ማሽኑን አላስሞትኩትም። ባትሪው ሲያልቅ ከፓወር ባንክ ጋር አገናኘሁት። ስፒከሩ ሲቀደድ ዛሬ ወጣቶቹ በኪሳቸው የሚይዙትን ትንሽ ስፒከር ከጎኑ አሰርኩለት። የስክሪኑ መብራት ሲጠፋ ከተሰበረ ስልክ አውጥቼ ተካሁለት። ትከሻሽን አመመሽ ሲባል የታችኛውን ብረት ፈትቼ በስስ ፕላስቲክ ለወጥኩት። ከሃርድ ዲስኩ በቀር ያልነካሁት የለም። ዲስኩን ያልነካሁት ድምፅሽ እዚያ ላይ ስለነበረ ነው።

ከዚያ ልጃችን ታብሌቱን ይዞ መጣ። የተባባልነውን ሁለታችንም አንረሳውም።

"አባዬ፣ የእማዬን ድምፅ ስጠኝ፤ እዚህ ውስጥ እናስገባው" አለኝ።

"አይገባም" አልኩት። እውነቴን ነው። ንባብሽን ሁሉ አንድ ረጅም ፋይል አድርጌ፣ የቱ ፊደል የት ላይ እንዳለ የእኔ ፕሮግራም ብቻ እንዲያውቀው አድርጌ ነው የሠራሁት። ያኔ የማውቀው መንገድ እሱ ነበር።

"እሺ ቆራርጠው።"

"የሚሠራ ነገር አልቆራርጥም።"

ያኔ ነው ማሽኑን ወደ ራስሽ ስበሽ፣ ቀስ እያልሽ የጻፍሽው። ፊደሉ አንድ በአንድ ሲወጣ ሁላችንም ቆመን ጠበቅን። "ሲቆም የሚያስነሳው አንተ ብቻ ነህ። ያለ አንተ ሱቅ እንኳ መሄድ አልችልም። ድምፄን አስረኸዋል።"

"ምን ችግር አለው? አለሁልሽ አይደል?" አልኩሽ።

ማሽኑን ዘጋሽው። ታብሌቱን ይዘሽ ከልጅሽ ጋር ሄድሽ። እኔ ዛሬም መልሴን አልለወጥኩም፤ አለሁልሽ። ሥራውን ግን ለውጫለሁ። የምጽፍልሽም ስለዚሁ ነው።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ በየጠዋቱ አበራው ነበር። ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ፤ ዕቃ ሳይሠራ ሲቀመጥ ይበላሻል። አንድ ጠዋት ዲስኩ "ቀጭ፣ ቀጭ" ማለት ጀመረ። ይህ ድምፅ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ድሮ ድምፅሽን የገለበጥኩባቸውን ፍሎፒ ዲስኮች አወጣሁ፤ ሻጋታ በልቷቸዋል። አንዱም አልተነበበም። በዓለም ላይ ያለሽው እዚያ በሚንቋቋው ዲስክ ላይ ብቻ ነበር።

ስልክ ሠሪዋ ዘንድ ሄድኩ። አዎ፣ እኔ። ያቺ ከፋርማሲው አጠገብ የምትሠራዋ፣ ምላሰኛዋ፣ መንታ ልጆች ያሏት።

"አባባ፣ እርስዎ እኔ ጋ? ምን ጉድ ነው?" አለችኝ።

"ሚሞሪ ካርድ በዚህ ማሽን የጎን ቀዳዳ የሚያስገባ ማያያዣ አለሽ ወይ?"

"ይህ ማሽን እኮ ከእኔ ይበልጣል።"

"አንቱ በይው እንግዲህ። አለሽ ወይስ የለሽም?"

አላት። ግን ማያያዣው ለዚህ ማሽን ላልቷል፤ ሰው በጣቱ ካልያዘው ይወልቃል። ማክሰኞ ሱቋን ዘግታ ቤት ድረስ መጣች። ያቺን ገበታ ታውቂያታለሽ፣ መስኮቱ ሥር ያለችውን። ዲስኩን ከማሽኑ አውጥቼ በሽቦ አገናኘሁት፤ አልዞር አለ። ደጋግሜ ሞከርኩ። በመጨረሻ በጎኑ አቁሜ፣ ትንሽ አዘንብዬ በግራ እጄ ስይዘው ዞረ። ያን ጊዜ የኃይል ሽቦው ከብየዳው ላይ ሲላቀቅ አየሁ። መልሼ ልበይደው ብል መጥፋት አለበት፤ ከጠፋ ደግሞ ዳግመኛ እንደማይነሳ ገብቶኛል። ሽቦውን በቀኝ አውራ ጣቴ ተጭኜ ያዝኩት። እሷ ማያያዣውን በሁለት ጣቷ ያዘች፤ በሌላ እጇ የቅጂውን ትዕዛዝ ጻፈች። ስክሪኑ ላይ ነጠብጣቦች አንድ በአንድ መውጣት ጀመሩ። አንዷ ነጠብጣብ የድምፅሽ ቁራጭ ናት።

መብራት ጠፋ። የሚያስፈራኝ እሱ አልነበረም፤ ለፓወር ባንኩ ምስጋና ይግባው።

ስልኬ ጮኸ።

ገበታው ላይ ነበር። የልጃችን ስም በራ። ታብሌትሽ የሚደውለው በእሱ ስም ነው፤ በሥራ ሰዓት እሱ እንደማይደውል አውቃለሁ፤ አንቺ ነሽ።

"ላንሳው?" አለችኝ።

"እንዳትነኪው! ጣትሽ እንዳይነቃነቅ!"

"እማማ ቢሆኑስ?"

"እሷ ናት።"

"ታዲያ!"

"ታዲያ ያዢ ብዬሻለሁ!"

ስልኩ እየተንቀጠቀጠ፣ እንደ ጥንዚዛ እየተሳበ ወደ ሽቦው መጣ። አንድ ስንዝር ቀረው። ግማሽ ስንዝር። ስልክ ሠሪዋ ጣቷን ሳታነሳ ገበታው ላይ ተዘርግታ በክርኗ ገፋችው። መሬት ላይ ወደቀ። እዚያም ሆኖ ጮኸ፣ ጮኸ፣ ከዚያ ቆመ። አንቺ ስትዘጊ፣ ዲስኩም እጄ ውስጥ አንዴ ተንፈራገጠ። ነጠብጣቧ ቀጥ አለች። ከዚያ ሌላ ወጣች። ከዚያ ሌላ።

መጨረሻው ሊደርስ ሲል ዲስኩ ቀጭ ብሎ ለዘለዓለሙ ቆመ። አንድ ቤት ፊደል ብቻ ነው የቀረው፤ የመጨረሻው፣ የፐ። ፖሊስ ልትጠሪብኝ ካላሰብሽ በቀር አይጎድልሽም።

እጄን ከሽቦው ላይ ሳነሳ ጣቴ አልታጠፍ አለ። ስልክ ሠሪዋ ግድግዳውን ተደግፋ መሬት ላይ ተቀመጠችና፣ "አባባ፣ እኔ ሁለቱን ልጆቼን ስወልድ እንዲህ አላላበኝም" አለች።

ከዚያ ስንቆራርጥ ሰነበትን። ቆራረጥኩት፣ አዎ፤ አልቆርጥም ያልኩትን። ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ፋይል ሰጠሁት፤ የእኔ ፕሮግራም ባይኖርም የሚከፈት። ይህን ለመሥራት ንባብሽን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳላቋርጥ መስማት ነበረብኝ። ያን ቀን አጠገብሽ ቆሜ ሳለሁ ማይክሮፎኑን ነበር የምጠብቀው፤ አሁን ነው የሰማሁሽ። ከሀ እስከ መ ክፍልሽ ውስጥ በእግርሽ የቆምሽ ነሽ። "ከ" ላይ ውሃ ትጠጫለሽ፤ ብርጭቆው ሲቀመጥ ይሰማል። ጠ ጋ ስትደርሺ ድምፅሽ ይሻክራል፤ አንዴ ትስያለሽ፤ ሳትጠየቂ ከጠ እንደገና ትጀምሪያለሽ። ፈ ላይ ነፋስ ብቻ ነው። ግን አንዱንም አልዘለልሽም። እኔን ግትር የምትይኝ አንቺ!

ስልክ ሠሪዋ ልጆች ፊደል የሚማሩበት አንድ ፕሮግራም አላት፤ በድምፁ ፈንታ የራስን ማስገባት ይቻላል። የአንቺን አስገባችና ስልኳ ላይ አንድ ነገር ጻፈች። ስልኩ በአንቺ ድምፅ፣ "ግ... ት... ር... ሽ... ማ... ግ... ሌ" አለኝ።

"ይህን ማን ነገረሽ?" አልኳት።

"ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል እኮ አባባ።"

ወደ መስኮቱ ዞርኩ። እሷም ሥራ ያላት መሰለች።

ፕሮግራሟ በፊደልና በፊደል መካከል ያለውን ዝምታ አያሳጥርም። የእኔ ያሳጥር ነበር። እንዴት እንደሚስተካከል ለልጃችን በሌላ ወረቀት ጽፌለታለሁ፤ እንዳይሰንፍ።

ቅጂ አላስቀረሁም፤ ከስልክ ሠሪዋ ስልክም አስጠፋሁት። ማስቀረት አቅቶኝ አይደለም። "ቢጠፋስ?" ብላ ስልክ ሠሪዋ ጮኸችብኝ። "ስለዚህ ነው በፖስታ የማልልከው" አልኳት። አስረኸዋል ብለሽኛል። ግማሹን አስሬ ግማሹን አልፈታም። አንቺ ግን መጀመሪያ የምታደርጊው ነገር ቅጂ ማስቀረት ነው፤ ሁለት ቦታ። ሌላው ሁሉ ይቆያል።

ማሽኑ አልሞተም። በዲስኩ ፈንታ ሌላ ካርድ አስገብቼለት ይሠራል። አበራዋለሁ፤ ጠቋሚዋ ብልጭ ድርግም ትላለች። የሚናገረው ግን የለውም።

ከዚህ በታች ያለውን የምጽፈው ከልጃችን ሕንፃ ፊት ለፊት፣ ከአውቶቡስ መጠበቂያው ወንበር ላይ ነው። ጽሑፌ የተወላገደው ጉልበቴ ላይ ስለምጽፍ ነው። ሌላ ምክንያት አትፈልጊለት።

ድምፅሽና ፕሮግራሟ ያሉበትን ካርድ ከገጹ ግርጌ በፕላስተር ለጥፌዋለሁ። ስትልጪው ቀስ ብለሽ፤ ከጥፍርሽ አይበልጥም። ደብዳቤውን ለዘበኛው እሰጠዋለሁ። ድምፁ ከአሁን በኋላ የአንቺ ነው፤ ብትናገሪበትም፣ መሳቢያ ውስጥ ብትጥይውም። ያቺን የባንክ ሴት ብትመርጪም የአንቺ ምርጫ ነው። ዳግመኛ ብትደውልልኝ አልዘጋባትም። "ሚስቴን አቅርቢልኝ" እላታለሁ።

ይቅርታ ልጠይቅ አልመጣሁም። ልውሰድሽ ብዬም አልመጣሁም። ዕቃሽን ላደርስና መልስሽን ልሰማ ነው የመጣሁት። ሳልጠራ ደረጃ አልወጣም፤ ታውቂኛለሽ። የመጨረሻው አውቶቡስ እስኪመጣ እዚህ ወንበር ላይ ነኝ። ከዚያ በኋላ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ፤ ዳግመኛም አላስቸግርሽም።

ሦስተኛው ፎቅ ላይ መስኮታችሁ ክፍት ነው። መጋረጃው ይንቀሳቀሳል። ጆሮዬ ገና ጤነኛ ነው፤ መንገዱ ጫጫታ ቢኖረውም ያን ድምፅ ከሌላው እለየዋለሁ። ለዚህ ማሽን አያስፈልግሽም፤ የእኔም፣ የልጅሽም።

ሁለት ጊዜ አጨብጪ።

ሰውዬሽ