ለክትሱን የተሰቀለ በርበሬ

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣ ለእትዬ ኦክሪም፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? የጀርመን ብርድ ዘንድሮ እንዴት ይዞሻል? ልጅሽ ሃናስ እርግዝናው አልከበዳትም? እኛ ደህና ነን። እናታችን ጆሮዋ ቢደክምም ምላሷ እንደ ድሮው ነው፤ ትናንት ለኪምቺው ልናቦካ ያዘጋጀነውን ጎመን «ጨው አነሰው» ብላ ሁሉንም አስደገመችን።

ስሜን እንድቀይር የጻፍሽልኝ ደርሶኛል። እውነትሽን ነው፤ በሃምሳ ሦስት ዓመቴም ክሊኒክ ውስጥ «ክትሱን» ተብዬ ስጠራ ወጣቶቹ ሳቃቸውን ለማፈን አፋቸውን ይይዛሉ። አራተኛ ሴት ሆኜ ስመጣ አያታችን «በቃ፣ መጨረሻዋ ትሁን» ብለው «መጨረሻ» የሚለውን ስም እንዳወጡልኝ ማን ያጣዋል? የመረጥሽልኝን «ሱጂን» የሚለውን ስም የፍርድ ቤቱ ቅጽ ላይ ሞልቻለሁ። የቀረኝ የእናታችን ምርቃት ብቻ ነበር።

ስነግራት «የበሩን ገመድ ነገር ኦክሪም አላጫወተችሽም?» አለችኝ።

ለካ አያታችን ለአራተኛ ሴት ገመዱ ላይ የሚሰካው ከሰልም ብክነት ነው ብለው፣ ልጅ መወለዱን የሚያበስረው የአራስ ገመድ በራችን ላይ እንዳይሰቀል ከልክለው ኖሯል። አንቺ የዘጠኝ ዓመቷ ጉድ ግን ጭድ ሰርቀሽ ገመድ ሠራሽ፤ በሴት ልጅ ከሰል ፈንታ የወንድ ልጅ ምልክት የሆነውን ቀይ በርበሬ ሰክተሽ ሰቀልሽው። ሲነጋ መንደሩ መጠጡን ተሸክሞ «እንኳን ወንድ ልጅ ሰጠዎት» እያለ ጎረፈ። አያታችን የሚገቡበት ጠፋቸው። በአርጩሜ እየገረፉ «አውርጂው» ቢሉሽ «እህቴ ቀይ ነው የሚያምርባት» ብለሽ እምቢ አልሽ። የተሰቀለ ገመድ ሃያ አንድ ቀን ሳይሞላው አይወርድምና እሳቸውም አልደፈሩትም። በዚያ ንዴት ነው ስሜን ያወጡት።

እናታችን «እሳቸውስ አንዴ ተቆጥተው ጠሩሽ። ኦክሪም ግን አዝላሽ ስትዞር 'ክትሱን፣ ክትሱን' እያለች ነው ያስተኛችሽ። እኔ የማውቀው የእሷን አጠራር ነው» አለች። ቀጥላም «አሁን ደግሞ አዲስ ስም እስክለምድ ዕድሜዬ ይበቃኛል ብለሽ ነው?» ብላ ሳቀችብኝ።

እትዬ፣ በየደብዳቤሽ «ታናሼ» እያልሽ ስሜን የምትሸሺው ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ። «በእኔ ጦስ የወጣ ስም ነው» ብለሽ ይህን ሁሉ ዓመት ስትብሰለሰዪ ኖረሻል። እኔ ደግሞ ስወለድ ማንም ደስ ያለው አይመስለኝም ነበር። አልቅሻለሁ፣ አልዋሽሽም። ቅጹን ለምድጃው ሰጥቼዋለሁ። ስትደውዪ በስሜ ጥሪኝ።

እናታችን ግንባርሽን ስማለች። ባለቤቴ ሰላም ብሎሻል። ሃናን ሳሚልኝ፤ ወንድም ትውለድ ሴት፣ በርበሬው ከእኔ ነው።

እህትሽ ክትሱን

ሶልጎል መንደር፣ ቦሶንግ
ኖቬምበር 16 ቀን 2008