ለአሮጊቷ የተገኘላት አማርኛ

ለተከበሩት አባቴ ለሐጂ ይመር፤ አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱሁ።

አባዬ፣ እንዴት ሰነበቱልኝ? ወገብዎን ተሻለዎት ወይ? የእማዬስ ሳል ለቀቃት? የደሴ ብርድ ዘንድሮ እንዴት ይዟችኋል? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ከእናንተ ናፍቆት በቀር ምንም አልጎደለብኝም። አክስቴ ሃጂራና ባለቤቷ ጋሼ ሰይፈዲንም እንደ ልጃቸው ይዘውኛል።

ለዐረፋ በመቅረቴ እንደተቀየሙኝ ወንድሜ ጀላል ጽፎልኛል። እውነትዎን ነው። መጽሐፌ እስከ ዐረፋ ተቀባይነት ካላገኘ ትርጉም የሚባለውን ነገር እርግፍ አድርጌ ትቼ ደሴ እገባለሁ ብዬ ቃል የሰጠሁት እኔው ነኝ። አሁን ግን ደህና አድርገው ይቀመጡና ያንብቡልኝ፤ ጉድ ነው የምነግርዎት።

መጽሐፉ በባሕር ዳርቻ የምትኖር አሮጊት መርከበኛ የሆነ ልጇን ስትጠብቅ የሚተርክ የእንግሊዞች ልብ ወለድ ነው። መጽሐፉን በሚያሳትመው ድርጅት የትርጉም ሥራ የሚመረምሩት አቶ ሀብተማርያም ገጹን ሁሉ በቀይ እርሳስ አቀሉት። እንግሊዝኛው «ጥበቃዋ ረጅም፣ ዝምታዋ ጥልቅ ነበረ» ይላል፤ እኔ ደግሞ «ጠበቀች፣ ጠበቀች፤ ዓይኗ መንገዱ ላይ ቀረ፤ ቃል ከአፏ ጠፋ» ብዬ ነበር። ስሙን ስም፣ ግሱን ግስ አድርገሽ አምጪ፣ አለዚያ ሥራውን ለሌላ እንሰጠዋለን አሉኝ። አሮጊቷ ልጇን «ውዴ» ስትል እኔ «ሆዴ» ማለቴንማ፣ ሆድ የሚል ቃል የቱ ገጽ ላይ አለ ብለው አፋጠጡኝ። እናት ልጇን እንዲህ ነው የምትጠራው ብላቸው ማን ሰምቶኝ!

አንጀቴ እያረረ እንዳሉኝ አድርጌ ጻፍኩት። ጁምዓ ጁምዓ የሠፈራችን ሴቶች ዳንቴላቸውን ይዘው አክስቴ ቤት ይሰበሰባሉ፤ የተረጎምኩትን የማነብላቸው ያኔ ነው። የታረመውን ሳነብላቸው ከዳንቴሉ ቀና ያለ ሰው የለም። ጎረቤታችን ዙቤዳ ጭራሽ የስኳርን መወደድ አነሳች። ተናደድኩ። በማግስቱ አቶ ሀብተማርያም ቢሮ ገብቼ፣ ይምጡና በጆሮዎ ይስሙ፣ የእኔው ካልጣመዎት ለፈለጉት ሰው ይስጡት አልኳቸው። ደፋር ነሽ ብለው ሳቁ። ደግሞም ዐረፋ ካለፈ በኋላ በአንዱ ጁምዓ መጡ፤ ከፌርማታው ጀምረው ቤቱን እየጠየቁ ኮልፌ ድረስ መጡ።

እሳቸው ከጋሼ ሰይፈዲን ጋር ሳሎን፣ እኛ ከመጋረጃው ወዲህ ጓዳ ተቀመጥን። መጀመሪያ የእሳቸውን አነበብኩ፤ ዙቤዳ አዛጋች። ቀጥዬ የራሴን ጀመርኩ። አባዬ፣ እጅ ሁሉ ቆመ። ዙቤዳ እናቱን ያስጠበቀውን ልጅ ትረግመው ጀመር፤ አክስቴ በሻሿ ዓይኗን ትጠርጋለች። መርከቧ ደርሳ ሰዎቹ መውረድ ሲጀምሩ፣ ትንፋሽ ልውሰድ ብዬ ቆም አልኩ።

ያኔ ከመጋረጃው ወዲያ «እሺ፣ ከዚያስ? ልጁ መጣላት?» የሚል ድምፅ ሰማን። አቶ ሀብተማርያም ናቸው! እንግሊዝኛውን ደጋግመው ያነበቡ፣ መጨረሻውን ከእኔ ይልቅ የሚያውቁ ሰው። ጋሼ ሰይፈዲን ሳቁን መቻል አቃተው። መጋረጃውን ገልጬ ባያቸው ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«ወይዘሪት ሰዓዳ፣ እንዳነበብሽው ይታተም» አሉኝ። «ሆዴ የምትለዋንም እንዳትነኪያት።»

ሴቶቹ ቤቱን በእልልታ አቀለጡት። እኔ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ ደስታ እንዲህ እንደሚያስለቅስ አላውቅም ነበር። መጽሐፉ ማተሚያ ቤት ገብቷል፤ ሌላም የሚተረጎም መጽሐፍ ሰጥተውኛል። ስለዚህ አልመለስም አባዬ፣ አይቀየሙኝ።

እማዬን ጉልበቷን ስሜያለሁ ይበሉልኝ፤ ዱዓዋ ደርሶልኛል። ጀላል እኔን ከመክሰስ ይረፍ። ታናሼን እሙን ጉንጯን ይሳሙልኝ። ጎረቤቱን ሁሉ ሰላም ይበሉልኝ።

ለእርስዎ ደግሞ አንድ ነገር አለኝ። የትም አያደርስሽም ያሉኝ ሥራ እርስዎንም ይዞ ሊወጣ ነው። ሽፋኑ ላይ በትልቁ «ተርጓሚ፣ ሰዓዳ ይመር» ተብሎ ይታተማል። ደሴ ሲደርስ ገበያ ወጣ ይበሉና ስምዎን ይዩት።

ልጅዎ ሰዓዳ
ኮልፌ፣ አዲስ አበባ
የካቲት ፳ ቀን ፲፱፻፷፫ ዓ.ም.