ያልተነካካችው ፎቶ

ባሕር ዳር፣ ፋሲሎ
ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድህ ታላቅ ወንድሜ ለጋሽ አስማማው

ጋሽዬ፣ ጤናህ እንዴት ነው? የጁባ ሙቀትስ እንዴት አድርጎሃል? እኔና ልጄ ዜማ ከሞት ተርፈን አለን። ያስጠለለችን ጓደኛዬ መሲ ናት። በእሷ ስልክ ደጋግሜ ብደውል አላነሳ ስላልኸኝ ወረቀት ያዝሁ፤ ወንድሟ ምናሴ ለሥራ ወደ ጁባ ስለሚመጣ በእሱ እጅ ይደርስሃል። ፊደሌ ቢንጋደድብህ አትፍረድብኝ፤ የቀኝ እጄ ሁለት ጣቶች ገና አይታጠፉም።

ባሌ ደውሎ ምን እንዳለህ ሰምቻለሁ። ሕዝቅኤል "እህትህ በኮምፒውተር ቁስል ሠርታ ከሰሰችኝ" ብሎሃል። አንተም አምነኸው ለእማዬ "ፎቶዋን በየጊዜው አየው የለም እንዴ? ፊቷ ላይ ጭረት እንኳ የለም" አልሃት። እማዬ ከመራዊ ደውላ ይህን ስትነግረኝ መጀመሪያ አለቀስሁ፤ ቀጥሎ ደሜ ፈላ። አሁንም የምጽፍልህ እንደ ተናደድሁ ነው።

ጭረት የሌለው እኔ ስላጠፋሁት ነው፣ ጋሽዬ።

ሥራዬን ታውቃለህ፤ ለሐይቅ ዳር ሆቴሎችና ለጀልባ አስጎብኚዎች ድረ ገጽ አስውባለሁ። ደንበኛ በጠፋ ቀን ደግሞ ለራሴ እጫወታለሁ። ከአንዱ ፎቶ ቆርጬ ሌላው ላይ እለጥፋለሁ፣ ታንኳውን ከዘንባባዎቹ በላይ አበርረዋለሁ። ያቺን ጉማሬ መቼም አልረሳሃትም፤ ዋናው መንገድ ላይ ከባጃጆች መሃል ተሰልፋ ተራ ስትጠብቅ ያደረግኋትን። ከተማው ሁሉ ሲቀባበላት አንተ እውነት መስሎህ "ዜማን ይዘሽ ከቤት ንቅንቅ እንዳትይ!" ብለህ ከጁባ ደወልህ። አንድ ሳምንት ስቄብሃለሁ።

ያንኑ ጥበብ ለገዛ ፊቴ ስጠቀምበት ኖሬአለሁ። የተመታ ፊት መጀመሪያ ሲቀላ ቀላል ነው፤ ቀዩን ትቀንስለታለህ። ሲጠቁር ከደህናው ጉንጭ ቆዳ ወስደህ ትደርብበታለህ። የሚያስቸግረው ወደ አረንጓዴና ወደ ቢጫ ሲዞር ነው፤ ከየት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ አይያዝልህም። ይህን ያስተማረኝ የለም።

ዜማ አራት ዓመት የሞላት ዕለት እንግዶች በር ላይ እያሉ ፀጉሬን በእጁ ጠቅልሎ ይዞ ፊቴን ከማቀዝቀዣው በር ጋር አላተመው። ጥፋቴ የእሱን እህት ሳልጠራ መቅረቴ ነበር። ጥርሴ ከንፈሬን በሳው። ደሜን ታጥቤ ወጣሁና ሻማ ለኮስሁ፤ እንግዶቹም "መልካም ልደት" ብለው ዘመሩ። ያኔ በላክሁልህ ፎቶ ላይ ያለው ሳቂታ ከንፈር ከሌላ ዓመት ፎቶ ያመጣሁት ነው። ወንዛዬ ፍልውኃ ሄደን የተነሣነውንም "ነጠላው አምሮብሻል" ብለኸኝ ነበር። ነጠላ አልለበስሁም ነበር ጋሽዬ፤ ትከሻዬን በቀበቶ ስለተለተለው በኮምፒውተር ያለበስሁት ነው።

የነሐሴውን ልንገርህና ልጨርስ። እሑድ ከምሳ በኋላ ነው። አንድ ደንበኛ በድምፅ መልእክት "እጅሽ ይባረክ" ሲለኝ ሕዝቅኤል ሰማ። "የትኛው እጅሽ ነው የሚባረከው?" አለኝ። አንተ የገዛህልኝን ያንን የመጀመሪያ ኮምፒውተሬን ከጠረጴዛው ነቅሎ ራሴ ላይ ከሰከሰው። ስወድቅ ሆዴን በጫማው ረገጠኝ፤ ደጋግሞ ረገጠኝ። እየዳህሁ የበሩን መቃን ስጨብጥ አየና በሩን ባለ በሌለ ጉልበቱ ጠረቀመው። የጣቶቼ አጥንት ሲሰበር ድምፁን ሰማሁት። "በይ እስቲ ይኼንንም አጥፊው!" አለኝ። ዜማ ሶፋው ሥር ገብታ ጆሮዋን ይዛ ነበር። ስልኬን ደጅ አውጥቶ በድንጋይ ፈጨው።

ሐኪም ቤት የወሰደኝም እሱ ነው። አጠገቤ ስለቆመ "ከደረጃ ወድቄ ነው" አልሁ፤ እንደዚያው ተጻፈ። ጎረቤቶቻችን ሁሉን ሰምተዋል፤ ግን "የባልና የሚስት ነገር ነው" ብለው አፋቸውን ያዙ። የቀረኝ ሥራዬን የማስቀምጥበት ዲስክ ብቻ ነበር፤ ፊቴን ለማጽዳት የጀመርኋቸው፣ ቁስሉ ገና ያልጠፋባቸው ፎቶዎች እዚያ ውስጥ ነበሩ። እነሱን ይዤ ከሰስሁት።

የእሱ ጠበቃ ችሎት ምን ይዞ ቢመጣ ጥሩ ነው? ጉማሬዋን። በትልቅ ወረቀት አሳትሞ ለዳኛዋ ዘረጋላት። "ክቡር ፍርድ ቤት፣ ጉማሬ ከባጃጅ ጋር ያሰለፈች ሴት አንድ ዓይን ማጥቆር ያቅታታል?" አለ። ችሎቱ በሙሉ ሳቀ። ሕዝቅኤልም ሳቀ። የተጠራው የፎቶ ባለሙያ ደግሞ "ፎቶዎቹ በሙሉ ተነካክተዋል፤ ቁስሉ ተጨምሮ ይሁን ተቀንሶ ግን መለየት አልቻልሁም" አለ። ስንወጣ ሕዝቅኤል ደረጃው ላይ ተጠጋኝና "ነፃ ልባል ብቻ! ያንን ሁለተኛውን እጅሽን ነው የምቆርጠው፤ ልጄንም ዓይኗን አታዪም" አለኝ። የአንድ ቀን ንዴት እንዳይመስልህ፤ ያደርገዋል።

ዳኛዋ ለኅዳር 10 ቀጥራናለች። "በአንቺ እጅ ያላለፈ ፎቶ ካለ አምጪ" ብላኛለች። አለ። ያለው ግን አንተ ስልክ ውስጥ ነው።

በአምናው ፋሲካ ጠዋት "እንኳን አደረሰህ" ብዬ ስልክልህ ተሳስቼ ገና ያልነካካሁትን፣ በስልኬ እንዳነሣሁት ላክሁብህ። ግራ ዓይኔ ተደፍኖ፣ ቅንድቤ ተቀዶ፣ ደሙ ጉንጬ ላይ ደርቆ። ወዲያው "ዓይንሽ ላይ ያለው ጥላ ነው አይደል?" ብለህ ጻፍህ። እኔ ምን እንደምልህ ገና እያሰብሁ ነበር። ጥላ የሚለውን ያመጣኸው አንተ ነህ። "አዎ፣ ጥላ ነው" አልሁና ያጸዳሁትን ላክሁልህ። "ይቺኛዋ ትሻላለች" አልኸኝ።

አይተሃል ጋሽዬ። ጥላ እንደማይደማ ታውቃለህ። አባታችን ከሞተ ወዲህ አባቴም ወንድሜም አንተ ስለሆንህ አልተቀየምሁህም ልል ነበር፤ ግን ተቀይሜሃለሁ። አንጀቴ ቆስሏል።

ቢሆንም እለምንሃለሁ። ያቺን የመጀመሪያዋን፣ ከሥሯ የጻፍኸው ሳይጠፋ፣ ሳትነካካት ለጠበቃዬ ላክ፤ ስልክ ቁጥሩ ከዚህ ደብዳቤ ጀርባ አለ። ቀኑ አብሮ ይታያል፤ ያኔ ክስ የሚባል ነገር አልነበረም። አንተ ዝም ካልህ እሱ ነፃ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ለቀብሬ ትመጣለህ።

ባለቤትህን የብርጓልን ሳምልኝ። ለመስከረም የላካችሁትን ፎቶ እማዬ ልትጠይቀኝ መጥታ አሳይታኝ ነበር፤ ቀሚሱ በጣም አምሮባታል። ግራ ጉንጯን ያለሰለሰው ሰው ግን ቸኩሏል፤ የጆሮ ጌጧን ግማሹን አብሮ አጥፍቶታል። የተማርሁት ሥራ ነውና ዓይኔ አያልፈውም። በመሲ ስልክ ደውዬ አዋርቻታለሁ። ያልተነካካውን ዋናውን ልካልኛለች፤ ጉንጯ ላይ ያለው ጥላ አይደለም።

እግዚአብሔር እጅህን ይያዝልህ።

እህትህ
ማኅሌት